ለአጭር የአገልግሎት ጉዞ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ

መጀመሪያ በሄድኩበት የአገልግሎት ጉዞ 12 መዝሙር አጥንተን ነበር። ለወራት ተለማምደናል፤ ድምፁም አምሮ ነበር። እሑድ መድረክ ላይ ስንወጣ ግን ጉባኤው አንዱንም አያውቀውም። በትህትና ቁጭ ብለው አዳመጡን፣ አጨበጨቡልን፣ አለቀ። አብረን ልናመልክ ሄደን ኮንሰርት አሳይተን ተመለስን። ጥፋቱ የእኛው ነበር። ቀድሞ ደውሎ «እናንተ ምን ትዘምራላችሁ?» ያለ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጉዞ የምጀምረው ከስልኩ ነው።

1. ከመወሰናችሁ በፊት ጠይቁ

ለአስተናጋጁ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ወይም ሽማግሌዎች ደውሉ። «ይህን ልንሠራላችሁ አስበናል» ብላችሁ አትጀምሩ። «አሁን የያዛችሁት ሥራ ምንድን ነው? የቱ ላይ ሰው አጠራችሁ?» በሉ። ይሉኝታ አለና የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ «እናንተ የፈለጋችሁትን» ይሆናል። ከሳምንት በኋላ ደግማችሁ ደውሉ፤ እውነቱ ያኔ ነው የሚወጣው። እናንተ ቀለም ልትቀቡ አስባችሁ፣ እነሱ የሚፈልጉት የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎቻቸው ለአንድ ቀን እንዲያርፉ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ «ምን ባናደርግ ይሻላል?» የሚለው ነው። አለባበስ፣ አቀማመጥ፣ የጌታ እራት ሥርዓት፣ ጮክ ብሎ መጸለይ፣ ይህ ሁሉ ከጉባኤ ጉባኤ ይለያያል። በአንድ ቤተ እምነት ውስጥ እንኳ። ጊዜው አይመችም ካሉ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፉት። አትግፉ።

2. ቡድኑን ትንሽ አድርጉት

እንደ እኔ ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ እናንተን የሚያገለግሉት አስተናጋጆቹ ይሆናሉ፤ መኝታ ፍለጋ፣ ምግብ ማብሰል፣ መኪና ማመቻቸት። የሚዘምርና የሚሰብክ ብቻ አትምረጡ። ሰሃን የሚያጥብና ሲደክመው የማይነጫነጭ ሰው ወርቅ ነው። ከጉዞው በፊት 3 ወይም 4 ጊዜ ተገናኙ፤ በአንጾኪያ የነበሩት ጳውሎስንና በርናባስን የላኩት ጾመውና ጸልየው ነው (ሐዋርያት ሥራ 13)።

3. ገንዘቡን በግልጽ ያዙ

መጓጓዣ፣ ማደሪያና ምግብ የእናንተ ወጪ ይሁን። አስተናጋጆቹ እንቢ ቢሉም አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ሒሳቡን ሁለት ሰው ይያዝ። ስጦታ ካላችሁ በሽማግሌዎቹ በኩል ስጡ። ለአንዱ በጓሮ ሲሰጡት ሌላው ያያል፣ እናንተ ስትሄዱ ቅሬታው እዚያ ይቀራል። ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ነቀፋ እንዳይመጣ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮት እንዲሄድ አድርጓል (2ኛ ቆሮንቶስ 8)።

4. ልጆችና ፎቶ

አንድ አዋቂ ብቻውን ከልጆች ጋር አይቀመጥ፤ ሁልጊዜ ሁለት ይሁኑ፣ በሩም ክፍት ይሁን። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ የልጅ ከሆነ ወላጁን። የታመመ ወይም የተቸገረ ሰው ምስል ለጥፎ ላይክ መሰብሰብ አገልግሎት አይደለም።

5. እሑድ የእነሱ ናት

መርሐ ግብሩን እነሱ ይምሩ። ከሚዘምሯቸው ውስጥ 3 ወይም 4 መዝሙር ቅጂ እንዲልኩላችሁ ጠይቁና በቃላችሁ አጥኑ። የእነሱ መዘምራን በሚያነሱት የድምፅ ቁልፍ (ኪ) ተለማመዱ፤ ይህን ረስተን ኪቦርዳችንና ድምፃችን የተለያዩበት ቀን አለ። ስትቀመጡ በአንድ መደዳ አትደርደሩ፤ በጉባኤው መሃል ተበተኑ።

ስብከት ከተሰጣችሁና ቋንቋው የተለየ ከሆነ ጊዜውን በእጥፍ አስቡ። የ20 ደቂቃው ስብከት በአስተርጓሚ ወደ 40 ይጠጋል። ጽሑፉንና ጥቅሶቹን ከቀናት በፊት ለአስተርጓሚው ስጡት። አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገሩና ቁሙ። ቀልድ አታብዙ፤ ሲተረጎም ይሞታል።

ደግሞ መናገር ብቻ ሳይሆን አድምጡም። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ እናንተም እኔም በእምነታችን እንጽናና ዘንድ ነው የምመጣው ይላል (1፥12)። እነሱ እንዲጸልዩላችሁ ጠይቁ፣ ምስክርነታቸውንም ስሙ።

6. በሥራው ላይ

የሚያዘው የእነሱ ሰው ይሁን። እናንተ የተሻለ ዘዴ ብታውቁም ካልተጠየቃችሁ ዝም በሉ። (ይህን ለመማር እኔ ሁለት ጉዞ ፈጅቶብኛል።) የአካባቢው ሰው ተከፍሎት የሚሠራውን ሥራ በነፃ አትንጠቁ። ሳይጠናቀቅ የሚቀር ነገር አትጀምሩ። የቀረበላችሁን ብሉ፣ ባሳደሩዋችሁ ቤት እደሩ፤ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲልክ ያዘዘው ይህንኑ ነው (ሉቃስ 10)። በጤና ምክንያት የማትበሉት ካለ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ማታ ማታ ቡድኑ ለግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ዛሬ ምን አየን? ማንን አስቀየምን? ቅሬታ ካደረ ይሻክራል።

7. ከተመለሳችሁ በኋላ

ስትሰነባበቱ «እንደገና እንመጣለን፣ እንልክላችኋለን» ማለት ይቀላል። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ቃል አትግቡ። ቤታችሁ ስትደርሱ ለላካችሁ ጉባኤ ያያችሁትን ተናገሩ፤ ስለ እናንተ ሥራ ሳይሆን እዚያ ስላገኛችኋቸው ወንድሞችና እህቶች። ከወር በኋላ ደውላችሁ እንዴት ናችሁ በሉ። ከዚያ ጋብዟቸው፤ በተራቸው እነሱ ይምጡ። ሲመጡ ደግሞ ጉባኤያችሁ ከመዝሙሮቻቸው ሁለቱን አጥንቶ ይጠብቃቸው።