የዋጋው ሳጥን ለምን ባዶ ሆነ? በኤክስፎርምስ ../ ከየት ይጀምራል

የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ በኤክስፎርምስ (የድረ ገጽ ቅጾች መሥሪያ ቋንቋ) እየሠራሁ ነበር። ዋጋዎቹ በሌላ ኢንስታንስ (ቅጹ መረጃውን በሚይዝበት የኤክስኤምኤል ሰነድ) ተቀምጠዋል፤ በአንድ ረድፍ ላይ ኮድ ሲመረጥ ዋጋው ራሱ መምጣት ነበረበት። ሳጥኑ ግን ባዶ፣ የስህተት መልእክትም የለም። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኔምስፔሱን፣ ማለትም የኤለመንት ስሞች የየትኛው ቋንቋ እንደሆኑ የሚለየውን መለያ ነው። (ኢንስታንሱ ላይ ባዶ ኔምስፔስ ካልተጻፈ ኤለመንቶቹ የገጹን ኔምስፔስ ይወርሳሉ፣ በሰነዱ ውስጥ መረጃ የሚፈልገው ኤክስፓዝም አያገኛቸውም። ሁሌም ማየቱ ይጠቅማል።) የእኔ ደህና ነበር።

በባይንዱ (ስሌቱን ከሳጥኑ መረጃ ጋር በሚያያይዘው ኤለመንት) ላይ የጻፍኩት ስሌት ይህ ነው፤ ../ ማለት «አንድ ደረጃ ወደ ላይ» ነው፦

ኢንስታንስ('ዋጋዎች')/መድኃኒት[ኮድ = ../ኮድ]/ዋጋ

በቅንፉ ፈንታ [1] ብዬ ስሞክር የመጀመሪያው መድኃኒት ዋጋ ከች አለ! ባይንዱም ኢንስታንሱም ጤነኛ ናቸው፤ ችግሩ ቅንፉ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ቅንፉ ውስጥ ስንገባ አውዱ ይቀየራል። እዚያ የቆምነው ረድፉ ላይ ሳይሆን እየተጣራ ያለው መድኃኒት ላይ ነው። ስለዚህ ../ኮድ የሚፈልገው በዋጋ ዝርዝሩ ሥር ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ኮድ የሚባል የለም። ባዶ ከምንም ጋር እኩል ስለማይሆን ዝም ብሎ ያልፋል።

ኢንስታንስ('ጥያቄ')/ረድፍ/ኮድ ብዬም ሞክሬ ነበር። ይኼ ይባስ፦ የሁሉንም ረድፎች ኮድ ስለሚያነጻጽር ሁሉም ረድፍ አንድ ዓይነት ዋጋ አሳየ። ከባዶ ሳጥን ይልቅ የተሳሳተ ዋጋ እጅግ ያስፈራል።

የሠራው፦

ኢንስታንስ('ዋጋዎች')/መድኃኒት[ኮድ = ከረንት()/../ኮድ]/ዋጋ

ከረንት በ2009 በወጣው ኤክስፎርምስ 1.1 የተጨመረ ተግባር ነው፤ ቅንፍ ውስጥም ሆኖ ስሌቱ ወደ ተነሳበት ኖድ (በሰነዱ ውስጥ ያለ የመረጃ ነጥብ) ይመልሳል።