ከምግብ በፊት ኢንሱሊን የትና መቼ እንደሚወጋ

እማየ ቢቸና ነው የምትኖረው። ኢንሱሊኗን ሁልጊዜ ቀኝ ጭኗ ላይ፣ ያችው ቦታ ላይ ነበር የምትወጋው። «እዚህ አያመኝም» ትላለች። አንድ ቀን በጣቴ ስዳስሰው ከቆዳዋ ሥር የባቄላ ፍሬ የሚያህል እብጠት አገኘሁ። ስኳሯ ከእራት በኋላ ሽቅብ ወጥቶ ሌሊት የሚወርደውም በሱ ሰበብ እንደሆነ ነርሷ ነገረችን።

ጤነኛ ቆሽት ኢንሱሊኑን የሚለቀው በቀጥታ ወደ ጉበት በሚሄደው ደም ሥር ነው። ጉበት ግማሽ ያህሉን ቀድሞ ይወስድና ከእንጀራው የመጣውን ስኳር ያጠራቅማል። በመርፌ የገባው ግን ከቆዳ ሥር ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል፤ ጉበት የሚደርሰውም ዞሮ ዞሮ ነው። እንጀራው ደግሞ አይጠብቀውም። በአፍ እንዳይዋጥ ደግሞ፣ ኢንሱሊን ፕሮቲን ስለሆነ ሆድ ውስጥ ይፈጫል። በእጃችን ያለው ቦታውና ሰዓቱ ነው።

መጀመሪያ ቦታ ምረጡ። ሆድ ላይ የተወጋ ቶሎ ይሠራል፤ ክንድ ይከተላል፤ ጭንና መቀመጫ ይዘገያሉ። እንደ ውሃ የጠራው፣ ከምግብ በፊት የሚወጋው ኢንሱሊን (ሬጉላር የሚባለው)፣ ሆድ ላይ ቢሆን ይሻላል። ከእምብርት ሦስት ጣት ያህል ራቁ። ለቁርስ ሆድ ካላችሁ ሁሌም ለቁርስ ሆድ ይሁን፤ ዛሬ ሆድ፣ ነገ ጭን ከሆነ ልኩ አንድ ሆኖ ሥራው ይለያያል። እዚያው ሆድ ላይ ግን በየቀኑ አንድ ጣት ፈቀቅ በሉ።

ከዚያ ዳስሱ። እባካችሁ ይህን አትዝለሉ። ያበጠ ካለ ተዉት። ካበጠው ወደ ጤናማ ቦታ ስትቀይሩ መድኃኒቱ ከወትሮው ሊበረታ ስለሚችል ልኩን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፤ ስኳሩንም ደጋግማችሁ ለኩ።

የጠራው ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይወጋል። ጉልበቱ የሚበረታው ግን ከተወጋ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። እኛ ቤት ሽሮው ገና ሲጣድ ነው የሚወጋው። ከተወጋችሁ እንግዳ ቢመጣም እራቱ አይዘግይ። ድፍርሱን (ቀስ ብሎ የሚሠራውን) ወይም ድብልቁን (የጠራውና ድፍርሱ የተቀላቀሉበትን) በመዳፋችሁ መሀል 10 ጊዜ ያህል ቀስ ብላችሁ አንከባልሉት፤ አትነቅንቁት።

ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጋችሁ ውጉ፤ 10 ቆጥራችሁ መርፌውን አውጡ፤ አትሹት። ማሸት ያፈጥነዋል። ጭን ላይ ተወግቶ ወዲያው አረም መውረድም እንዲሁ።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር፤ የጠራውን ወግቶ ሳይበላ አይዋል። ስኳር ወርዶ ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣ 3 የሻይ ማንኪያ ሞላ ያለ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ።