ኩሽኔታው ስንት ወር ይቆያል? ሳትገዙ አስሉት

ሶማሌ ተራ ገብታችሁ ኩሽኔታ ስትጠይቁ ሻጩ «ይሄ አይሞትም» ይላችኋል። ይሞታል። መቼ እንደሚሞት ደግሞ በስልካችሁ ካልኩሌተር መገመት ትችላላችሁ።

ሁለት ቁጥር ያዙ። አንዱ አምራቹ ካታሎግ ላይ የሚያወጣው የመሸከም አቅም ነው። 6205 የሚል የልክ ቁጥር ላለው ኩሽኔታ ወደ 14 ኪሎ ኒውተን ነው (አንድ ኪሎ ኒውተን የ100 ኪሎ ክብደት ያህል ጫና ነው)። (ፎርጅድ ላይም 6205 ተብሎ ይታተማል፤ ልኩን እንጂ አቅሙን አይነግራችሁም።) ሌላው እናንተ ማሽን ላይ የሚያርፍበት ጭነት ነው። 2 ኪሎ ኒውተን ነው እንበል። 14ን ለ2 ስታካፍሉ 7፣ ከዚያ 7 × 7 × 7፣ 343፤ መልሱ በሚሊዮን ዙር ስለሚቆጠር 343 ሚሊዮን ዙር ማለት ነው። በደቂቃ 1450 ጊዜ ለሚዞር የወፍጮ ሞተር ይሄ ወደ 3940 ሰዓት ነው፤ በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ከሠራ 19 ወር ገደማ። ስሌቱ ለባለ ኳሱ ኩሽኔታ ነው።

አሁን ችንጋው እንዳይንሸራተት ብላችሁ ወጥራችሁ ወጥራችሁ ጭነቱን እጥፍ አደረጋችሁት። ዕድሜው በግማሽ የሚቀንስ ይመስላችኋል አይደል? አንድ ስምንተኛ ነው የሚቀረው። 19 ወሩ ሁለት ወር ተኩል እንኳ አይሞላም። እኔ ይሄን ሳላውቅ ስንቱን ሻጭ በከንቱ ሰድቤያለሁ።

19 ወር ሲባል ግን የእናንተው ኩሽኔታ 19 ወር ይኖራል ማለት አይደለም። ከ100 ተመሳሳይ ኩሽኔታ እስከዚያ 10ሩ ይበላሻሉ፣ 90ው ይተርፋሉ ማለት ነው። ግማሾቹ የዚህን አምስት እጥፍ ያህል ይቆያሉ። አንድ ዘንግ ላይ ሁለት ካሉ ደግሞ ሁለቱም 19 ወር የመድፈን ዕድላቸው ወደ 81 በመቶ ይወርዳል።

ሒሳቡ የዱቄት ብናኝ፣ የደረቀ ግራሶ፣ የመዶሻ ምት አያውቅም። ስለዚህ ደብተር ያዙ፤ የገባበትንና የወጣበትን ቀን ጻፉ። ገና እየሠሩ ያሉትንም መዝግቡ፣ የሞቱትን ብቻ ከቆጠራችሁ ዕድሜው ከእውነቱ ያጥርባችኋል። ስዊድናዊው ዋሎዲ ዌቡል እ.ኤ.አ. በ1951 ያስተዋወቀው የዕቃን ዕድሜ መገመቻ ዘዴ ከእንዲህ ዓይነት መዝገብ ነው የሚነሳው። በገቡ በሳምንት በሁለት ሳምንት የሚበላሹ ከሆነ ችግሩ አገጣጠሙ ላይ ነው፤ ዘንግ ላይ ስታስገቡ የውጩን ቀለበት እየመታችሁ ይሆናል፣ የሚገፋው የውስጡ ነው። ብዙዎቹ አንድ ዕድሜ አካባቢ ከሄዱ ከዚያ ቀደም ብላችሁ ቀይሩ። አንዱ በወሩ፣ ሌላው በሁለት ዓመቱ ከሆነ ግን በየጊዜው አዲስ መቀየር ብር ማባከን ነው፤ ብናኝ ወይ ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳ ፈልጉ።