የአሳታሚ ኩባንያዎችን የትርፍ ድርሻ እንዴት እናነጻጽር?

እዚህ ጎንደር የባንክ አክሲዮን ያላቸው ብዙ ሰዎች የትርፍ ድርሻቸውን የሚለኩት አክሲዮኑን መጀመሪያ በገዙበት ዋጋ ነው፤ በ1,000 ብር አክሲዮን 200 ብር የደረሰው ሰው 20 በመቶ አገኘሁ ይላል። ዋጋቸው በየዕለቱ ከፍ ዝቅ የሚል አሳታሚዎችን ለማነጻጸር ግን የዓመቱን የትርፍ ድርሻ አክሲዮኑ ዛሬ ለሚሸጥበት ዋጋ ማካፈል ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተከፈተ ወዲህ ይህ ስሌት ለእኛም የሩቅ ነገር አይደለም።

አስቀድሞ የዓመቱን ክፍያ በትክክል መደመር ይገባል። የአሜሪካዎቹ ዋይሊ እና ስኮላስቲክ በየሦስት ወሩ ሲከፍሉ፣ የእንግሊዞቹ ፒርሰን እና ብሉምስበሪ በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ፤ የእነዚህ የመጀመሪያው ክፍያ ከሁለተኛው ስለሚያንስ፣ እሱን በሁለት ማባዛት ያሳስታል።

ከፍ ያለ ውጤት ሲገኝ ወዲያው መደሰት አይገባም፤ ውጤቱ ያደገው ክፍያው ጨምሮ ሳይሆን የአክሲዮኑ ዋጋ ወርዶ ሊሆን ይችላልና። የአሜሪካ ኮሌጆች የመማሪያ መጻሕፍት ገበያ ሲቀዘቅዝ የፒርሰን አክሲዮን በጥር 2017 እ.ኤ.አ. በአንድ ቀን ክፉኛ ወደቀ። በዚያ ሳምንት ያለፈውን ክፍያ ለወደቀው ዋጋ ያካፈለ ሰው እጅግ ማራኪ ቁጥር ያገኝ ነበር፤ ሆኖም ለ2016 በአንድ አክሲዮን 52 ፔንስ የነበረው የትርፍ ድርሻ ለ2017 ወደ 17 ፔንስ ወረደ። ኒው ዮርክ ታይምስም በ2009 ያቋረጠውን ክፍያ የቀጠለው በ2013 ነው። ስለዚህ ቢያንስ የአሥር ዓመት ታሪክ ማየትን አጥብቄ እመክራለሁ።

ቀጥሎ የሚመረመረው ክፍያው ከየት እንደሚወጣ ነው፤ በእኔ እምነት ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። አሳታሚ ለደራሲ የሚሰጠው ቅድመ ክፍያ ከካዝናው ዛሬ ቢወጣም፣ መጽሐፉ ተሸጦ እስኪካካስ ድረስ በሒሳብ መዝገቡ እንደ ሀብት ሊቆይ ስለሚችል፣ ትርፉ ከጥሬ ገንዘቡ የተሻለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ከጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይ ከሥራ የተገኘውን ገንዘብ ወስዶ፣ ለኢንቨስትመንት የወጣውን ቀንሶ፣ ቀሪውን ለተከፈለው የትርፍ ድርሻ ማካፈል ነው። ውጤቱ ከ1 በታች ከሆነ ኩባንያው ከተቀማጩ ወይም ከብድር እየከፈለ ነው። ስሌቱ የሙሉ ዓመት መሆን አለበት፤ ስኮላስቲክ ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት በበጋቸው ሩብ ዓመት በአብዛኛው ይከስራልና። የሩብ ዓመት ቁጥር ይዞ መፍረድ የፒያሳን የደብተር ነጋዴ ገቢ በመስከረም ግርግር ብቻ እንደመለካት ነው።

በመጨረሻ ግብሩ ይቀነሳል። አሜሪካ የግብር ስምምነት ከሌላት አገር ነዋሪ ላይ 30 በመቶ ስለምትቀንስ የ4 በመቶው ክፍያ 2.8 ሆኖ ይደርሳል፤ እንግሊዝ ግን ከተራ ኩባንያ የትርፍ ድርሻ ላይ ይህን ቅናሽ አታደርግም።