ለመንሸራተት አደጋ በተጋለጠ ተዳፋት ላይ የቦታ መረጃ አሰባሰብ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ በደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስበው ሳለ ሁለተኛው የወረደባቸው ነበሩ። በዚህም ምክንያት ገና በተናደ ወይም በዝናብ በራሰ ተዳፋት ላይ ወጥቶ መለካት አይገባም፤ ባለሙያው ከማዶ ሆኖ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ሌላውን ለደረቅ ቀን ያቆየዋል።

ጥናቱ ቤቶቹ ባሉበት ቦታ ብቻ መወሰን የለበትም። ከተራራው አናት እስከ ወንዙ ድረስ ያለውን ተዳፋት በሙሉ በ1:50,000 ካርታ ወይም በሳተላይት ምስል ላይ ከከለሉ በኋላ በእግር መመልከት ያስፈልጋል። በቅድሚያ የሚፈለገው የቀድሞ ናዳ ቅርጽ ነው፤ ይኸውም ከላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ገደል፣ ከሥሩ ለጥ ያለ እርጥብ መሬት፣ ከግርጌው ደግሞ ድንጋይና አፈር የተቀላቀለበት ክምር ነው። ለጥ ያለውና ውኃ የማያጣው ይህ መሬት ለእርሻም ለቤትም ስለሚመች ሰዎች ደጋግመው የሚሰፍሩት በአሮጌ ናዳ ጀርባ ላይ መሆኑ ያሳዝናል። ከግርጌ ያለው ክምር እስከ የት እንደደረሰ በካርታው ላይ መሰመር አለበት፤ ቀጣዩ ናዳ ሊደርስበት የሚችለውን ርቀት ለመገመት ይረዳልና።

ቀጥሎ ውኃው ይመዘገባል። አዲስ የፈለቀ፣ የደፈረሰ ወይም በድንገት የነጠፈ ምንጭ፣ ከመንገድ ቱቦ ወጥቶ ተዳፋቱ ላይ የሚለቀቅ ጎርፍ፣ ውኃ አቁሮ ወደ መሬት የሚያሰርግ እርከን፣ ሁሉም ቦታቸው ይያዛል። ዝናቡ በየዕለቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በመለኪያ ይነበባል። ክረምቱ ሲወጣ ንባቡን ማቋረጥ ግን ስህተት ነው፤ በደብረ ሲና አካባቢ በርካታ ቤቶችን ያፈረሰው መንሸራተት የደረሰው በ1998 ዓ.ም. መስከረም ሲብት ነው፤ መሬት የጠጣው ውኃ ሰማዩ ከጠራ በኋላም ግፊቱን ይቀጥላልና።

ስንጥቅ ሲገኝ አስቀድሞ ዓይነቱ ይለያል። ዋልካ አፈር በበጋ ሲደርቅ በየአቅጣጫው እንደ መረብ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲመጣም መልሶ ይገጥማል፤ የመንሸራተት ስንጥቅ ግን ተዳፋቱን አግድም አቋርጦ ይጎብጣል፣ የታችኛው ወገኑም ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለው ሲገኝ ከስንጥቁ በላይና በታች፣ ከከንፈሩ አንድ ሜትር ያህል ተርቆ፣ ሁለት ጠንካራ ችካሎች ተተክለው በአናታቸው ላይ ምስማር ይመታል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በክረምት ደግሞ ተዳፋቱ በዝናብ ካልራሰ በየቀኑ፣ ከምስማር እስከ ምስማር ያለው ርቀትና የታችኛው ወገን የወረደበት ከፍታ በሚሊሜትር ተለክቶ ከዕለቱ ዝናብ ጎን ይጻፋል። ዋናው ቁም ነገር የስፋቱ መጠን ሳይሆን የፍጥነቱ ለውጥ ነው፤ በሳምንት 3 ሚሊሜትር ይከፈት የነበረው በቀን 3 ሚሊሜትር መክፈት ከጀመረ ለተጨማሪ ልኬት መጠበቅ አይገባም፣ ለወረዳው አሳውቆ ከሥሩ ያሉትን ነዋሪዎች ማስነሳት ይገባል። ያዘመመ የስልክ እንጨትና አልዘጋ ያለ በር እንደ ደጋፊ ማስረጃ ይያዛሉ፤ ብቻቸውን ግን ብዙ አይናገሩም፣ በር በእንጨቱ እብጠትም ሊጣበቅ ይችላልና።

የቀድሞው ናዳ መቼ እንደደረሰ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ስንጠይቅ ዓመተ ምህረት ከመጠየቅ ይልቅ «ከ1977ቱ ድርቅ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል።

የነዋሪው ቆጠራም ቀንና ሌሊት ተለይቶ ይሠራል። ቀን ባዶ የሆነው ቤት ሌሊት ስምንት ሰው ሊያድርበት፣ ሌሊት ባዶ የሆነው ትምህርት ቤትም ቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ሊይዝ ይችላል፤ መራመድ የማይችል አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ያለበት ቤት ደግሞ ማን እንደሚያወጣው አብሮ ይጻፋል። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ቀበሌው ውስጥ፣ ሌላው ከተዳፋቱ ርቆ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል።