የጠመንጃን ምላጭ በጥቂት ገንዘብ ሲያሻሽሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአደን ወቅት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ወዳጄ ከሰው እጅ የገዛውን ጠመንጃ ይዞ ዴንቨር አጠገብ ወዳለው ቤቴ መጣ። «ምላጩ ማር ሆኗል፤ የቀድሞው ባለቤት በእጁ ነው ያስተካከለው» አለኝ ደስ ብሎት። ጋራዥ ውስጥ ገባን። ጥይቱ የሚገባበት ጎሬ ባዶ መሆኑን በዓይናችንም በጣታችንም አረጋገጥን። አፈሙዙን ወደ አሸዋ ከረጢት አዞርኩና መዝጊያውን ወደ ኋላ ስቤ በኃይል ወደ ፊት መለስኩት። እጀታውን ገና ወደ ታች ስጭነው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ምላጩን ማንም አልነካም። ጥይቱን የሚመታው መርፌ በራሱ ጊዜ ወድቋል። ወዳጄ ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ያንን ጠመንጃ ሁለት ቅዳሜ የተኩስ ሜዳ ይዞት ወጥቶ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ድምፅ ነው። አዲስ ጠመንጃ ገዝቶ የፋብሪካው ምላጭ ከብዶበት፣ ደግሞም 200 ዶላር ለሌላ ምላጭ ማውጣት የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። ፍላጎቱ ተገቢ ነው። አብዛኛው መሻሻልም በጥቂት ገንዘብ፣ አንዳንዱ ያለ ምንም ወጪ ይገኛል። ይሁን እንጂ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል የሚሠሩት ስህተቶች ሌላ ቦታ ከሚሠሩ ስህተቶች የሚለዩት ዋጋቸውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ሊሆን ስለሚችል ነው። የምናገረው በእጅ እየተሳበ አንድ በአንድ ስለሚያጎርስ የአደን ጠመንጃ፣ ጠመንጃ መያዝ በሕግ ለተፈቀደለት ሰው ነው። ምላጭን አንድ ጊዜ ሲሳብ ከአንድ ጥይት በላይ እንዲተኩስ መለወጥ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 10 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነውና ከዚህ ጽሑፍ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ሳይለኩ መጀመር

«ምላጩ ከባድ ነው» የሚል ሰው ሁሉ ስንት እንደሚመዝን ስጠይቀው መልስ የለውም። ሳይለካ የተጀመረ ሥራ መሻሻሉም መበላሸቱም አይታወቅም። መለኪያው ከ20 እስከ 30 ዶላር ይሸጣል። እሱንም ለማውጣት የማይፈልግ ሰው ቤቱ ውስጥ ያለውን ይጠቀም። የልብስ መስቀያ ሽቦ ቆርጠው መንጠቆ ያበጁና ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ያንጠልጥሉበት። ባዶነቱ የተረጋገጠውን ጠመንጃ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገው ያቁሙ፣ ያቀባብሉ፣ መንጠቆውን በምላጩ መሐል ላይ ያስገቡ። ከዚያ ውኃውን በቀስታ ያንቆርቁሩ። «ቀጭ» ሲል ያቁሙና ጠርሙሱን ከነመንጠቆው የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። አምስት ጊዜ ደጋግመው አማካዩን ይጻፉ።

ከቁጥሩ በላይ ግን ልዩነቱን ያስተውሉ። አንዱ 2 ኪሎ፣ ሌላው 2.8 ኪሎ ከሆነ ችግሩ ክብደት አይደለም፤ ውስጡ ቆሻሻ አለ ወይም የሚፋተግ ነገር አለ።

ቅለትን ከጥራት ጋር ማምታታት

ሦስት ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ጠመንጃ ሦስት ኪሎ የሚጠይቅ ምላጭ ካለው ጣቱ ጠመንጃውን ይጎትተዋል፤ ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ጥቂት ማቅለል ይጠቅማል። ነገር ግን የምላጭ ጥሩነት የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው፤ ሳይንሸራተትና ሳይጎረብጥ፣ እንደ ቀጭን የብርጭቆ ዘንግ በአንድ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ መለቀቁ ነው። ንጹሕ ሆኖ የሚለቅ የ1.5 ኪሎ ምላጭ እየተንገራገጨ ከሚሄድ የ1 ኪሎ ምላጭ ይሻላል። በኮሎራዶ ተራሮች ላይ በጥቅምት ንጋት፣ ጣት ደንዝዞ፣ ወፍራም ጓንት ተለብሶ፣ ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን ፊት ለፊት ቆሞ ልብ ሲመታ በጣም የቀለለ ምላጭ ጠላት ነው። ለአደን ከ1.3 ኪሎ በታች መውረድ አያስፈልግም እላለሁ፤ ወረቀት ላይ ለሚተኩስ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው።

የቆሸሸውን «የተበላሸ» ማለት

ብዙ ምላጭ የሚታመመው በዘይት ነው። ሰዎች ምላጩን ዘይት ሲያጠጡት ያሻሻሉት ይመስላቸዋል። ዘይቱ ከአቧራና ከባሩድ ጥላሸት ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ቅዝቃዜ ሲመጣ ደግሞ ይወፍርና ጥርሱ፣ ማለትም የተቀባበለውን መርፌ ይዞ የሚያቆየው ትንሽ ብረት፣ ወደ ቦታው በወቅቱ እንዳይመለስ ያደርገዋል። ብረት ሁሉ ግራሶ ይወዳል የሚል ልማድ አለን፤ የጠመንጃ ምላጭ ግን አይወድም። ጠመንጃውን ከሰደፉ ያውጡ፣ የምላጩን ሳጥን ሳይፈቱት ለመብራት ማጥፊያና ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች ማጽጃ በሚሸጠውና በሚተነው ፈሳሽ ይጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ መመሪያው ካዘዘ ብቻ በስፌት መርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት። ፈሳሹ ፕላስቲክና ቀለም እንደማይበላ በጠርሙሱ ላይ ማንበብ አይርሱ። ይህ ሥራ ከ10 ዶላር አያልፍም። የከበደው ምላጭ በግማሽ ሰዓት ሌላ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጠመንጃውን ከሰደፉ ካወጡ አይቀር ምላጩ የሚገባበትን የሰደፍ ቀዳዳ ይመልከቱ። በጎኑ የሚያብረቀርቅ ጭረት ካለ ምላጩ ከእንጨቱ ወይም ከፕላስቲኩ ጋር እየተፋተገ ነው። መድኃኒቱ ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ማስፋት ነው፤ ሰደፉን እንጂ ብረቱን እንዳይነኩ። ሰደፉን ከብረቱ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ከላሉም ተኩሱ ይበተናል፤ ሰዉ ግን ምላጩን ይወቅሳል።

ጥርሱን መሞረድ

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ወዳጄን ያስደነገጠውም ይኸው ነበር።

ጠመንጃ ሲቀባበል የመርፌው ሞላ ተጨምቆ ይቆማል። ያንን ኃይል ይዞት የሚቆየው አንድ ጥርስ ብቻ ነው፤ ምላጩ የሚያደርገው ለጥርሱ የቆመለትን ድጋፍ ማንሸራተት ነው። ሁለቱ ብረቶች የሚነካኩበት ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ማዕዘኑ በጥቂቱ ሲዛነፍ ሞላው ራሱ ጥርሱን ከቦታው መግፋት ይጀምራል። በብዙ ምላጮች ላይ ደግሞ ጠንካራ የተደረገው የብረቱ ላይኛ ሽፋን ብቻ ነው። በሊማ ወይም በድንጋይ ያ ሽፋን ከተነሣ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት ይቀራል። በመጀመሪያው ቀን እጅግ ደስ ይላል፤ ማር የሚባለው ያኔ ነው። ከተወሰኑ ተኩሶች በኋላ ጠርዙ ይዶለዱማል፤ ከዚያ ወዲያ ጠመንጃው መቼ እንደሚተኩስ የሚወስነው ባለቤቱ አይደለም።

«ሰውዬው በቪዲዮ ሲሠራ አይቻለሁ» የሚሉኝ አሉ። ባለሙያው ማዕዘኑን የሚይዝ ማሰሪያ፣ የሚያጎላ መነጽርና የዓመታት ልምድ አለው። እኛ ጋ ያለው ሞርሳና ሊማ ነው። አይሠራም። የጎረበጠ ጥርስ በአዲስ ጥርስ ይተካል እንጂ አይሞረድም።

በፋብሪካ ደረጃ እንኳ ይህ ሥራ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ለማየት ሬሚንግተን 700ን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1962 ገበያ ላይ የዋለው ይህ ጠመንጃ በአሜሪካ አዳኞች እጅ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። የቀድሞው ምላጩ ሳይነካ ተኮሰ የሚል ክስ ለብዙ ዓመታት ሲቀርብበት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሞንታና አንዲት እናት ጥይቱን ልታወጣ የደኅንነት ቁልፉን ስትለቅ ጠመንጃው ተኩሶ የ9 ዓመት ልጇ ሞቷል። ኩባንያው በ2006 አዲስ ምላጭ አወጣ። እሱም በሚያዝያ 2014 እንዲመለስ ተጠራ፤ ኩባንያው የሰጠው ምክንያት በአንዳንዶቹ ላይ ሲገጣጠሙ የብሎን ማጣበቂያ መብዛቱ ነበር። ማጣበቂያ ብቻ! ከሰው እጅ ሬሚንግተን 700 የገዛ ሰው የጠመንጃውን መለያ ቁጥርና የምላጩን ዓይነት ሳያጣራ ስለ ማሻሻል ባያስብ እመክራለሁ።

የማያውቁትን ብሎን ማዞር

በብዙ የሚስተካከሉ ምላጮች ላይ እስከ ሦስት ብሎን ይገኛል። አንዱ የሞላውን ጫና፣ ሁለተኛው ምላጩ ከለቀቀ በኋላ የሚሄድበትን ርቀት፣ ሦስተኛው ጥርሶቹ የሚነካኩበትን ስፋት ይወስናል። ለእኛ የሚሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሦስተኛውን መንካት ሳይሞርዱ መሞረድ ነው። ፋብሪካው ብሎኑን በቀለም ከደፈነው «እዚህ እጅህን አታስገባ» ማለቱ ነው።

የአምራቹን መመሪያ በስልክዎ ያውርዱና ያንብቡ። ለምሳሌ ሩገር አሜሪካን የሚባለው ጠመንጃ ምላጭ ከ3 እስከ 5 ፓውንድ፣ በኪሎ ከ1.4 እስከ 2.3 ገደማ፣ በብሩጎላ እንዲስተካከል ሆኖ ነው የተሠራው። በሳቬጅ ጠመንጃ ላይ ያለው አኩትሪገር የሚባለው ምላጭም ከፋብሪካው ሲወጣ እንዲስተካከል ታስቦ የተሠራ ነው። ይህን ሳያውቅ 150 ዶላር አውጥቶ ሌላ ምላጭ የገዛ ሰው አውቃለሁ፤ የእሱ በነፃ ይስተካከል ነበር። ሩብ ዙር ያዙሩ፣ በጠርሙሱ ይለኩ፣ ይጻፉ። ከመመሪያው ወሰን በታች አይውረዱ።

ሞላ መቁረጥ

ሞላን በፒንሳ ቆርጦ ማሳጠር ርካሽ ይመስላል። የተቆረጠ ሞላ ጫፉ ጠፍጣፋ ስላልሆነ ተጣሞ ይቀመጣል፤ ጫናውም በየጊዜው ይለያያል። ለዚያው ሞዴል ተሠርቶ የሚሸጥ ቀለል ያለ የምላጭ ሞላ ከ10 እስከ 15 ዶላር ይገኛል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ገንዘብ የሚገባው ዕቃ ካለ እሱ ነው። የመርፌውን ሞላ ግን አይንኩ። እሱ ከላላ መርፌው ጥይቱን በደንብ አይመታም፤ ጥይት ከሸፈ ማለት ነው።

የአሮጌውን ጠመንጃ ባሕርይ እንደ ጉድለት ማየት

ይህ እኛን፣ በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያንን፣ በተለይ ይመለከታል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ እየተሸጡ ነው። አያቶቻችን በልጅግ ይሉት የነበረው በቤልጂግ የተሠራው ማውዘር ከነዚህ አንዱ ነው፤ በአንዳንዱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምልክት ይታያል። አንዱን ገዝቶ ቤቱ የሰቀለ ሐበሻ አይቼ በእጄ ሳገላብጠው ሆዴ ተላወሰ። የዚህ ጠመንጃ ምላጭ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ላላ ብሎ ይመጣል፣ ከዚያ እንደ ግድግዳ ይቆማል፣ ከግድግዳው በኋላ ይተኩሳል። የዛሬ ጠመንጃ የለመደ ሰው ልሉን እንደ እርጅና ቆጥሮ ለማጥፋት ምላጩ ላይ ካሉት ሁለት ጉብታዎች አንዱን ይፈጫል። ልሉ ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ጥርሱ በሰፊው ተይዞ እንዲቆይ፣ ወታደር ሲወድቅና ሲነሣ እንዳይተኩስበት። ልምምዱ ልሉን ስቦ ግድግዳው ላይ መጠበቅ ነው። ታሪክ ያለበትን ብረት መፍጨት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው።

ሳይፈትኑ ጥይት ማጉረስ

ምንም ያህል ትንሽ ነገር ቢነኩ፣ ሞላ መቀየርም ሆነ ሩብ ዙር ማዞር፣ በባዶ ጠመንጃ ይፈትኑ። ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ያቀባብሉና የደኅንነት ቁልፉን ዘግተው ምላጩን ጠንከር አድርገው ይሳቡ፤ ጣትዎን ያንሡ፤ አሁን ቁልፉን ይክፈቱ። በዚህች ቅጽበት መርፌው ከወደቀ ምላጩ ተበላሽቷል፤ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ቀጥሎ መዝጊያውን በኃይል አሥር ጊዜ ይዝጉ፤ አንድም ጊዜ መውደቅ የለበትም። ከዚያ አቀባብለው የሰደፉን ታች ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ላይ ከአንድ ስንዝር ከፍታ ደጋግመው ይምቱት፤ ጎንና ጎኑን በጎማ መዶሻ ያንኳኩ። ሁሉንም ካለፈ በተኩስ ሜዳ ላይ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ተኩሶች አንድ አንድ ጥይት ብቻ እያጎረሱ ይተኩሱ።

ጣትን መርሳት

ያለ ወጪ የሚገኘው ትልቁ መሻሻል ጣት ነው። ባዶ ጠመንጃ አነጣጥረው ሰው በርሜሉ ላይ፣ አፈሙዙ አጠገብ፣ አንድ ባለ አሥር ሳንቲም ዝርዝር እንዲያስቀምጥልዎ ያድርጉ፤ ምላጩን ሲስቡ ሳንቲሙ ከወደቀ ጠመንጃውን እየጎተቱት ነው። ከአጠገቡ የሚቆመው ሰው ከጎን እንጂ ከፊት እንዳይሆን። በየምሽቱ ሃያ ጊዜ ለአንድ ወር ይሞክሩት። ትንሿ የ.22 ጠመንጃ ግን መርፌዋ የጎሬውን ጠርዝ ስለሚመታ ያለ ልምምድ ጥይት ባዶዋን አትተኮስ።

የወዳጄን ጠመንጃ ለባለሙያ ሰጠነው። አዲስ ምላጭ ከነሥራው የቀድሞው ባለቤት በመሞረዱ ቆጠብኩ ብሎ ካሰበው ገንዘብ በላይ ወዳጄን አስወጣው። ጠርሙሱ አሁን 1.5 ኪሎ ላይ «ቀጭ» ይላል፤ አምስት ጊዜም ስንለካው ልዩነቱ ከአንድ ሲኒ ቡና ውኃ አይበልጥም። የተሞረደውን ጥርስ ለምኜ ወሰድኩት። የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አለ። ምላጩን ሊማ ሊያስነካው ያሰበ ሰው ሲመጣ አጉሊ መነጽር እሰጠውና መጀመሪያ እሱን እንዲያየው አደርጋለሁ።