ሠራተኛው የሚመጣበት የጤና ፕሮግራም እንዴት ይዘጋጃል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ጎንደር የምሠራበት መሥሪያ ቤት «የጤና ቀን» ብሎ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ፒያሳ ጠራን። ቲሸርት ታትሟል፣ ባነር ተሰቅሏል፣ ውኃ በካርቶን ተገዝቷል። ከስልሳ ምናምን ሠራተኛ የመጣነው ሰባት ነን። ሁለቱ ደግሞ ቲሸርታቸውን ተቀብለው እብስ አሉ። ሰኞ ስብሰባ ተጠራና «ሠራተኛው ለጤናው ግድ የለውም» ተባለ።

ግድ አጥቶ አይደለም። ቅዳሜ ገበያ አለ፣ ልቅሶ አለ፣ የሳምንት ልብስ ማጠብ አለ። በኋላ ነገሩ እኔው ላይ ወደቀና በስህተት በስህተት ይህን ተማርኩ።

መጀመሪያ ሰዓቱን ከመሥሪያ ቤቱ ውሰዱ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ፕሮግራሙ ከዚሁ ውስጥ ይቆረጥ። ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አርብ ቀትርን ለጁምዓ ተዉት። ሥራ አስኪያጁ ይህችን ካልፈቀዱ የቀረውን አትልፉበት።

አስተባባሪ ስትፈልጉ ወደ ሰው ሀብት ክፍል አትሂዱ። የእቁቡን ጸሐፊ ያዙ። ልቅሶ ሲሆን ብር የምትሰበስበው፣ ማን እንደታመመ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። እሷ «ነይ እንጂ!» ስትል እምቢ የሚል የለም።

ከዚያ ሠራተኛውን ጠይቁ፣ ግን በስብሰባ አይሁን። ስብሰባ ላይ ሁሉም «ጥሩ ነው» ብሎ ይወጣል። ስም የማይጻፍበት ቁራጭ ወረቀት አድሉ። እኛ ጋ የመጣው መልስ በአብዛኛው ወገብና ዓይን ነበር። አንዱ «መጀመሪያ ወንበሬ ይቀየርልኝ» ብሎ ጻፈ። ተቀየረ። ያ ወንበር ከቲሸርቱ ሁሉ የበለጠ ሰው አመጣልን።

አሁን ከባዱ ላይ ደረስን፤ ምስጢር። የደም ግፊት ልናስለካ ነርስ ስናመጣ ጥበቃችን ጋሼ ሦስት ጊዜ ተጠርተው ቀሩ። በር ላይ ሳገኛቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኋላ በሽተኛ ነው ብላችሁ ልታሰናብቱኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የምንለካው ኮሪደር ላይ፣ የምንመዘግበው በስም ነበር።

ስለዚህ ለኪው ከውጭ ይምጣ፣ ክፍሉ በር ይኑረው። ውጤቱ በቁራጭ ወረቀት ለባለቤቱ ብቻ ይሰጥ። ለሥራ አስኪያጁ የሚደርሰው «ይህን ያህል ሰው ተለካ» የሚል ቁጥር ብቻ ነው። ይህንንም ጻፉና በሩ ላይ ለጥፉት። ጋሼ በአራተኛው ዙር መጡ። ሲወጡ ወረቀቷን አጣጥፈው ኮፍያቸው ውስጥ ከተቷት።

አለካኩም ወግ አለው። ከቡና በፊት ይሁን፤ የጠጣ ሰው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ ጀርባውን ይደገፍ፣ እግሩን አያነባብር፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ይረፍ። ሁለት ጊዜ ለኩ። 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከታየ በአንድ ቀን አይፈረድም። ጤና ጣቢያ ሄዶ በሌላ ቀን ይለካ።

ለእንቅስቃሴ ጂም አያስፈልግም። የፋሲል ግቢ አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ዙር ተኩል በመጠነኛ ፈጣን እርምጃ ግማሽ ሰዓት ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይመክራል። ሁለቱ ቀን 60 ናቸው፤ የቀረውን ባጃጁን ትቶ በእግሩ ወደ ቤት በመግባት ማሟላት ይቻላል። የጎሃን ዳገት ግን በመጀመሪያው ሳምንት አታስቡት፤ ሰው ሁለተኛ አይመጣላችሁም። ሸራ ጫማ ቢሮ ውስጥ ይቀመጥ። አለቃ ከመጡ ይምጡ፣ ፊት ፊት ግን አይሂዱ።

መክሰስ ካለ ሙዝና ቆሎ ይሁን። በጾም ቀን እርጎ የደረደረ መሥሪያ ቤት አይቻለሁ። ኪሎ የመቀነስ ውድድርም ይቅር፤ ሚዛን ላይ በባልደረባ ፊት መቆም ማንን ደስ ይለዋል?

በየወሩ የመጣውን ቁጠሩ። ከዚያ የቀረውን ለምን እንደቀረ ጠይቁ፣ ሳትቆጡ። እኛ ጋ የጽዳት ሠራተኞቹ አንድም ቀን አልመጡም ነበር። ሰንፈው መስሎን ስንጠይቅ፣ 10 ሰዓት ላይ እኛ ስንወጣ እነሱ ቢሯችንን ሊያጸዱ ይገባሉ። አሁን እነሱ ረቡዕና አርብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይሄዳሉ፤ ዙሩን ከእኛ ቀድመው ይጨርሳሉ።